ፊቴ የታተመበት ማራገቢያ

ኦገስት 11፣ ሰኞ

ይህን ደብተር ዛሬ ሰጡን። ለመጨረሻ ዓመት ተጫዋቾች በሙሉ አንዳንድ ደርሶናል። ሽፋኑ ላይ በወርቃማ ፊደል «ከጨዋታ በኋላ» ይላል። የተማሪዎች አማካሪዋ ስለ ወደፊት ሕይወታችን እንድንጽፍበት ነገረችን። አብሮኝ የሚኖረው ጃርቪስ የመጀመሪያውን ገጽ ቀደደና ማስቲካውን ጠቀለለበት። እኔ ወረቀት ማባከን አልወድም፤ ስለዚህ እጽፋለሁ።

ስም፦ ሮዴሪክ ፔትዌይ። ዕድሜ፦ 22። ትምህርት ቤት፦ ሃርግሮቭ ኮሌጅ፣ አላባማ። ሥራ፦ የአሜሪካ ፉትቦል ተከላካይ። ኳስ ይዞ የሚሮጠውን ሰው መሬት ላይ እጥላለሁ። አራተኛ ዓመቴ ነው፤ ሌላ ሙያ የለኝም።

የወደፊት ዕቅድ፦ ኦክቶበር 18 ሆምካሚንግ ነው፤ የቀድሞ ተማሪ ሁሉ ወደ ግቢ የሚመለስበት ቅዳሜ። ያን ቀን ከአንድ ትልቅ ክለብ መልማይ ሊያየኝ ይመጣል። ካየኝ ይወስደኛል። ዕቅዱ ይኸው ነው። ገጹ ግን ገና ግማሹ ባዶ ነው።

ጉልበቴ ደህና ነው።

ኦገስት 14

አማካሪዋ ጠራችኝ። ለመመረቅ አንድ የሳይንስ ትምህርት ከነቤተ ሙከራው ይጎድለኛል አለች። ስገባ የተመዘገብኩት ባዮሎጂ ነበር። የተጎዳ ሰው እንደገና እንዲራመድ የሚረዳ ባለሙያ መሆን ነበር የፈለግሁት። ቤተ ሙከራው ከልምምድ ሰዓት ጋር ስለተጋጨ «ለጊዜው» ብለው ወደ መዝናኛ አስተዳደር አዛወሩኝ። ለጊዜው ሦስት ዓመት ሞላው። ስለ መናፈሻ ወንበሮች አቀማመጥ ብዙ አውቃለሁ።

አሁን አናቶሚ መውሰድ አለብኝ፤ ማክሰኞ ከሰዓት፣ ከዶክተር ላቲሞር ጋር። አሰልጣኝ ስቶልዎርዝ ፈቅዶልኛል። ሲፈቅድልኝ ጣሪያውን እያየ ነበር።

ኦገስት 19

የማስታወቂያ ውል አገኘሁ።

በትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ያሉ ልጆች በስማቸው ጫማና መኪና ያስተዋውቃሉ። እኛ ጋ ነገሩ ቀስ እያለ ነው የሚደርሰው። ጃርቪስ ከአንድ ፀጉር አስተካካይ ጋር ተዋውሎ ዓመቱን ሙሉ በነፃ ሊስተካከል ነው። ጃርቪስ ፀጉር የለውም።

እኔን የጠየቁኝ ወይዘሮ ኦዜላ ባስኮም ናቸው፤ «ባስኮም እና ልጆች» የሚባለው የቀብር አስፈጻሚ ባለቤት። ልጆቹ የሉም፤ አንዱ አትላንታ ጥርስ ይነቅላል፣ ሌላው መኪና ይሸጣል። ወይዘሮ ኦዜላ ግን በዚህ ወረዳ ያለ ጥቁር ሰው ሁሉ አንድ ቀን እጃቸው ይገባል። ጥቁር ቀሚሳቸውን ለብሰው አሰልጣኙ ቢሮ ተቀምጠው ጠበቁኝ። አሰልጣኙ ሌላ ልጅ ሊያሳያቸው ፈልጎ ነበር፤ ብዙ ነጥብ የሚያስቆጥረውን። እሳቸው እንዲህ አሉ፦

«ነጥብ አልፈልግም። ይሄ ልጅ ሰው ሲጥል አይቻለሁ። ሁሉም ይጥላል። እሱ ግን ከጣለ በኋላ ጎንበስ ብሎ እጁን ይሰጥና ያነሣዋል። የምፈልገው እሱን ነው።»

ፊቴ በማራገቢያ ላይ ይታተማል፤ በየቤተ ክርስቲያኑ ወንበር ጀርባ የሚሰካው፣ እንጨት እጀታ ያለው የካርቶን ማራገቢያ። በተጨማሪም ከኦክቶበር ጀምሮ በወር ሁለት ጊዜ ጥቁር ሱፍ ለብሼ ቀብር ላይ በር እከፍታለሁ። ሱፉን እሳቸው ይሰጡኛል። ወዲያው በዓይናቸው ለኩኝ። ሳይሳሳቱ ለክተውኛል፤ ብዙ ሰው ስለለኩ ይመስለኛል።

ጃርቪስ ከዛሬ ጀምሮ «ቀባሪው» ብሎኛል።

ኦገስት 26

ፎቶ ተነሣሁ። ፎቶ አንሺው ማሊያዬን አስለብሶ «ሰላም ያገኘህ ምሰል» አለኝ። እጄን የት ላድርግ ስለው ደረትህ ላይ አጣጥፈው አለ።

ልምምድ። ጉልበቴ ትንሽ አበጠ። ሙቀቱ ነው።

ሴፕቴምበር 7፣ እሑድ

ማራገቢያዎቹ ዛሬ አሥራ አንድ ቤተ ክርስቲያን ደረሱ።

ጥሩ ወረቀት ነው። ፊቴ በጥቁር ክብ ውስጥ አለ፣ እጆቼ ተጣጥፈዋል። ከበላዩ «ባስኮም እና ልጆች፣ በክብር እናሳርፋለን» ይላል። ከሥሩ ስሜ አለ። ከስሜ ሥር ደግሞ ለኮሌጁ የተጫወትኩባቸው ዓመታት፦ 2022 – 2025።

ወይዘሮ ኦዜላ አርባ ዓመት ማራገቢያ ሲያሳትሙ ከስም ሥር ዓመት ሳያስገቡ አሳትመው አያውቁም። አታሚውም እንደዚያው። ማንም ምንም አልታየውም።

የእማዬ ስልክ መጮህ የጀመረው የጠዋቱ አገልግሎት ሳያልቅ ነው። አክስቴ ከሞቢል እያለቀሰች ደወለች። እማዬ «ልጁ አጠገቤ ተቀምጦ ማስቲካ ያኝካል» አለቻት። አክስቴ፣ ሐዘን ለሰው የሌለ ነገር ያሳያል፣ በርቺ አለቻት። ከወንዙ ማዶ ያለው ቤተ ክርስቲያን ቄስ ለነፍሴ ጸልየው ነበር። ከሰዓት በኋላ ጎረቤት ምግብ ይዞ መጣ። በራችንን የከፈትኩት እኔ ስለነበርኩ አንዷ ሴትዮ የተጠበሰ ዶሮዋን ጥላ ተቀመጠች።

እስከ ማታ ሦስት ኬክ ደረሰን፤ ሁለቱ የኮኮናት፣ አንዱ የሎሚ። እማዬ ለሁሉም እውነቱን ነገረች። ኬኩን ግን አልመለሰችም።

ሴፕቴምበር 8

ወይዘሮ ኦዜላ ዘንድ ሄድኩ። አራት ሺህ ታትሟል፤ እንደገና ማሳተም አይታሰብም አሉ።

«አሃዙ ውሸት አለበት?» አሉኝ።

የለበትም። በ2022 ጀመርኩ፣ ኮሌጅ የምጫወተው እስከ 2025 ነው። ግን መልማዩ ከወሰደኝ ከዚያም በኋላ እጫወታለሁ ስላቸው፣ ያኔ እናስተካክለዋለን አሉ። ሲሉኝ ዓይናቸው እግሬ ላይ ነበር። አዲስ ጫማ አላደረግሁም።

ሴፕቴምበር 13፣ ቅዳሜ

ከጨዋታ መልስ፣ አውቶቡስ ላይ። አሸነፍን። የተጋጣሚ ልጆች ሙሉ ጨዋታውን ሰደቡኝ። አንዱ እላዬ ላይ ጋደም ብሎ «በል ልኬቴን ውሰድ፣ ትከሻዬ ሰፊ ነው» አለኝ። ሌላው የእናቱ እኅት በኔ ማራገቢያ እንደምታራግብና በጣም እንደምታዝንልኝ ነገረኝ። አመሰገንኩት።

አምስት ሰው ጣልኩ። አምስቱንም አነሣሁ። አምስተኛውን ሳነሣ እኔ እሱን ይሁን እሱ እኔን ያነሣው እርግጠኛ አይደለሁም።

ሴፕቴምበር 17

ጃርቪስ ደረጃ ስትወርድ በጎን የምትወርደው ለምንድን ነው አለኝ። ለሚወጡት መንገድ ለመልቀቅ ነው አልኩት። የሚወጣ ሰው አልነበረም። በረዶ ለምን በየቀኑ እንደምገዛ ግን አልጠየቀኝም፤ መጠጡ የታለ ብቻ ነው ያለኝ።

ሴፕቴምበር 23፣ ማክሰኞ

አናቶሚ። ዶክተር ላቲሞር አጭር፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሴት ናቸው፤ ተማሪ የሚያፍርበትን ነገር ከሩቅ ያሸታሉ። ዛሬ የደረስነው ጉልበት ላይ ነው። እውነተኛ አጥንት አሰለፉልን፦ የጭን አጥንት፣ ቅልጥም፣ የጉልበት ሎሚ። በመሐል የሚያልፈውን ጅማት በጎማ ሠርተውታል። ይህ ሲበጠስ ሰው ቀጥ ብሎ መሮጥ ይችል ይሆናል፣ ሲዞር ግን ጉልበቱ ይከዳዋል አሉ።

ክፍሉ ባዶ እስኪሆን ጠብቄ አንድ ጓደኛ አለኝ አልኳቸው። ጅማቱ ተጎድቶ ከሆነ እስከ ኦክቶበር 18 ይቆይለት ይሆን ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ጓደኛህ ደረጃ ሲወርድ በጎን ነው የሚወርደው?»

አላስተዋልኩም አልኳቸው።

«አስተውለው» አሉኝ። «ሐኪም ጋ ይሂድ። ዛሬውኑ።»

ለጓደኛዬ እነግረዋለሁ አልኩ። የቤተ ሙከራው ደረጃ አሥራ አራት ነው። ቆመው ሲያዩኝ በጎን መውረድ ስላልፈለግሁ ስልክ የማወራ መስዬ እስኪሄዱ ቆየሁ። እሳቸውም ቆዩ።

ትምህርቱ ደስ ይላል። ይህን መጻፍ አልነበረብኝም፤ ጥቅም የለውም። ልምምዱም አለ።

ኦክቶበር 1

የመጀመሪያ ቀብሬ። የሟቹ ስም ሚስተር ቶሊቨር፣ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ። ሱፉ ልክ ነው። በር ከፈትኩ፣ ማራገቢያ አደልኩ። ሰው ማራገቢያውን ያያል፣ እኔን ያያል፣ ይቀመጣል።

መቃብሩ ዳር ባለቤታቸው ከወንበራቸው አልነሣም አሉ። ልጆቻቸው ጎተቱ፣ ቄሱ ለመኑ፣ መኪኖቹ ሞተር አስነሡ። እኔ አጠገባቸው ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። ብዙ ቆየን። ባቡር አለፈ። ያኔ እሳቸው በራሳቸው «በል እንሂድ» አሉና እጄን ያዙ።

ወይዘሮ ኦዜላ በኋላ መኪና ውስጥ፣ ይህን ለልጆቼ ሃያ ዓመት ላስተምር ሞክሬ አቃተኝ አሉ። ያደረግሁት ነገር የለም። አንዴ ከተቀመጥኩ ጉልበቴ ስላላስነሣኝ ነው የቆየሁት።

ኦክቶበር 9

ለቡድኑ የሕክምና ምርመራ ዛሬም አልሄድኩም። ጥርሴን አሞኛል አልኩ።

በአሰልጣኙ ቢሮ በር ሳልፍ ድምፁን ሰማሁ። «ፔትዌይ ለሆምካሚንግ ብቻ ይቁምልኝ፤ ከዚያ በኋላ የራሱ ጉዳይ ነው» ይላል። ስለ ወደፊቴ እንደሚያስብ አላውቅም ነበር።

ኦክቶበር 17፣ ዓርብ

እማዬ እራት ላይ ጉልበትህን ምን ነካህ አለችኝ። ደህና ነው አልኳት። የምትሠራው የአረጋውያን መኖሪያ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የምታየው የሚያነክስ ሰው ነው። ሳህኔን አነሣችና ጀርባዋን ሰጥታ ለረጅም ጊዜ አጠበችው። አንድ ሳህን ነው።

ኦክቶበር 18

ሙቀት። ግቢው ሞልቷል፤ ጢሱ፣ ባንዱ፣ የ1970ዎቹ ተማሪዎች ከነወንበራቸው። መልማዩ መጥቷል። ሰማያዊ ኮፍያ፣ ሁለተኛ ረድፍ። ሁለት ፋሻ አሰርኩ።

ጉልበቴ ደህና ነው ደህና ነው

ኦክቶበር 20፣ ሰኞ

ሆስፒታል ነኝ። ጊዜ አለኝ።

ማንም አልነካኝም። ይህ መጻፍ አለበት፤ ጃርቪስ ከአሁኑ ሦስት ሰው ተጋጭተውብኝ ነው እያለ ያወራልኛል። በአምስት እርምጃ ርቀት ውስጥ ሰው አልነበረም። ሯጩ ወደ ግራ ታጠፈ፣ እኔም ታጠፍኩ፣ ጉልበቴ ግን አልታጠፈም፤ ቀጥ ብሎ ሄደ። በጀርባዬ ወደቅኩ።

ያን ቀን በጣም ስለሞቀ ወይዘሮ ኦዜላ ከቀረው ማራገቢያ አብዛኛውን በሩ ላይ አድለው ነበር። ባንዱ ዝም አለ። ተጋድሜ ቀና ስል ሜዳው ዙሪያውን፣ ከታች እስከ ላይ፣ ፊቴ ይወዛወዛል። እጄን ደረቴ ላይ አጣጥፌ፣ ሰላም አግኝቼ፣ ከ2022 እስከ 2025። ሰዉ ሲጨነቅ ያራግባል፤ በተጨነቀ ቁጥር ያፈጥናል። መሣቅ ፈለግሁ። የወጣው ድምፅ ግን ሣቅ አልነበረም።

እማዬ አጥሩን ዘላ መጣች። ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ እንዴት እንደዘለለች ማንም ሊነግረኝ አልቻለም። ራሴን ጭኗ ላይ አድርጋ በራሴው ፊት አራገበችልኝ። ያን ሯጭ ደግሞ አየሁት፤ ተመልሶ መጥቶ እጁን ዘርግቶልኛል። አራት ዓመት ሙሉ እጅ የምሰጠው እኔ ነበርኩ። እንዴት እንደሚያዝ እንኳ ለጊዜው ጠፋኝ።

መልማዩ እስከ መጨረሻው ተቀምጦ ጨዋታውን አየ። የሌላ ልጅ ስልክ ቁጥር ወስዶ ሄደ።

ሐኪሙ ዛሬ የጉልበቴን ፎቶ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ጅማቱ ተበጥሷል፣ የተበጠሰውም ቅዳሜ ብቻ አይደለም፣ ከወራት በፊት ተሰንጥቆ ነበር አለኝ። ለቀባሪው አረዱት። ጁላይ ላይ የስታዲየሙን ደረጃ በሩጫ ስወጣ አንድ ድምፅ ሰምቻለሁ። የደረጃው ነው ብዬ ነበር። ደረጃው ሲሚንቶ ነው።

ያኔ ብትመጣ በእረፍትና በእንቅስቃሴ ሕክምና ይድን ነበር አለ። አሁን ቀዶ ጥገና ነው፤ መራመድ እራመዳለሁ፤ ሰው መጣል ግን አልችልም።

ኦክቶበር 21

እማዬ ትናንት ማታ እንዲህ አለችኝ፦

«ያን እሑድ አሥራ ስድስት ሰው ደውሎ ልጅሽን ቀበርሽ አለኝ። ለአሥራ ስድስቱም ልጄ ደህና ነው አልኩ። የዋሸሁት ባንተ አፍ ነው፤ ዋሾ አደረግኸኝ ሮዴሪክ።»

አለቀስኩ። እንደ ሕፃን ነው ያለቀስኩት፤ ነርሷ መጥታ መጋረጃውን ዘጋችው። ፈርቼ ነበር። ስለ ጉልበቴ ከነገርኳት ሌላ ምንም እንደማይቀረኝ መስሎኝ ነበር።

ኖቬምበር 3

ከሆስፒታል ወጣሁ። ቤት ስደርስ ኬክ ጠበቀኝ፤ አራት። በዚህኛው ማንም አልተሳሳተም፤ የማራገቢያው አሃዝ ትክክል ሆኗል።

በመልበሻ ክፍሉ ያለው ሳጥኔ ለሌላ ልጅ ተሰጥቷል። አሰልጣኙ ዕቃዬን ራሱ በካርቶን አምጥቶልኝ ቤተሰባችን ነህ አለኝ። መኪናውን ሳያጠፋ ነው ያለው።

ኖቬምበር 11

ቅዳሜ ወይዘሮ ኦዜላ መጡ። ስለ አሃዙ አንድ ቃል አላነሡም፤ ለዚያ አመሰግናቸዋለሁ። ውሉ አልፈረሰም አሉ። እኔ ደግሞ አናቶሚውን ልተወው፣ ዓመቱን ልተወው፣ እርስዎ ጋ ሥራ ልግባ አልኳቸው። ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር።

«የኔ ሰዎች አይቸኩሉም ልጄ» አሉኝ። «የትም አይሄዱብህም። በመጀመሪያ ተማር።»

ሲወጡ ማክሰኞ ማክሰኞ የቤተ ሙከራውን ደረጃ እንዴት እንደምወጣ ጠየቁኝ። አላውቅም አልኩ። ዛሬ ከሰዓት ረጅሙ ጥቁር መኪናቸው ደጃችን ቆመ። ሁለት ሬሳ ተሸካሚዎች ከነነጭ ጓንታቸው አሥራ አራቱን ደረጃ በወንበር ተሸክመው አወጡኝ። ክፍሉ ከመቀመጫው ተነሣ። ዶክተር ላቲሞር ብቻ ሰዓታቸውን አይተው «ሁለት ደቂቃ ዘግይተሃል» አሉ።

ዲሴምበር 9፣ ማክሰኞ

የአናቶሚ ፈተና። ጠረጴዛ ላይ አጥንት ይቀመጣል፣ እየዞርን ስሙን እንጽፋለን። እኔ ስለማልዞር አጥንቶቹን አመጡልኝ። መጨረሻ ላይ ጉልበት ነበር። ሁሉንም ጻፍኩ፤ የት እንደሚያያዝ፣ ሲበጠስ ምን ድምፅ እንደሚያሰማ ጭምር። ድምፁ አልተጠየቀም።

ዶክተር ላቲሞር ወረቀቱን ሲቀበሉኝ ጓደኛህ እንዴት ነው አሉኝ። በክራንች ነው አልኳቸው። ሞንትጎመሪ የተጎዳ ሰው እንዲራመድ መርዳትን የሚያስተምር የሁለት ዓመት ትምህርት እንዳለ ንገረው፣ ደብዳቤውን እኔ እጽፍለታለሁ አሉ። በማን ስም ልጻፈው ሲሉኝ ስሜን ነገርኳቸው። ፊደሉን አንድ በአንድ እያልኩ።

ዲሴምበር 20፣ ቅዳሜ

አልፌያለሁ። ዲፕሎማው በሜይ ይደርሳል። አማካሪዋ ይህን ደብተር መልሱ አለች፤ ጠፋ አልኳት።

ዛሬ ክራንቹን ከጣልኩ ወዲህ የመጀመሪያው ቀብሬ ነበር፣ በእማዬ ቤተ ክርስቲያን። ማሞቂያው ስለማይጠፋ በዲሴምበርም ማራገቢያ ያስፈልጋል፤ አንድ ካርቶን ቀርቶናል፣ ወይዘሮ ኦዜላ ደግሞ ነገር አይጥሉም። ሲያልቅ ሰው ሁሉ ወጣ፤ ከሌላ ወረዳ የመጡ አንዲት ትልቅ ሴት ብቻ ወንበራቸው ላይ ቀሩ። ማራገቢያውን ገለበጡት፣ ወደ ዓይናቸው አቀረቡት።

«ይሄ ምስኪን እንዴት ሞተ?» አሉኝ።

«አልሞተም እማማ። ጨዋታ ነው ያቆመው።»

«ታዲያ አሁን ምን ይሠራል?»

«ይማራል።»

ጎሽ አሉና ማራገቢያውን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ከዚያ ለመነሣት እጃቸውን ዘረጉልኝ። ጎንበስ ብዬ ያዝኳቸው፣ አነሣኋቸው። ሳነሣቸው ፊቴ ተቋጠረ መሰለኝ፤ ቀና ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ ያምሃል እንዴ?»

«አዎ» አልኳቸው። «ጉልበቴን ያመኛል።»

እንግዲያው ቀስ እንበል አሉ። ክንዴን ይዘው፣ ደረጃውን ሁለታችንም በጎን ወረድን።